በቅጥቅጥ አይሱዙ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ መኖር፦ የደባርቅን ብርድ በምን እንመክተው?

ወገራ መንገድ (ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ በመሬት ልኬት ሥራ የምንተዳደር ስንሆን፣ ሥራው ዓመቱን ሙሉ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ መካከል ያመላልሰናል። በየከተማው ክፍል መከራየቱ፣ ዕቃ ማውጣቱና ማስገባቱ ከኪራዩ መናር ጋር ተደምሮ ስላሰለቸን፣ አባቴ ይነዱት የነበረውን ቅጥቅጥ አይሱዙ ወንበሮቹን አስነቅለን መኖሪያ ቤት ልናደርገው ወስነናል። ለጊዜያዊ ማደሪያ ሳይሆን ለዘለቄታው ነው፤ ሌላ ቤት አይኖረንም። (አማቴ «ጎማ ያለው ቤት ደግሞ ምን የሚሉት ቤት ነው?» ብለው እስካሁን አልተቀበሉንም፤ እሱን ግን እኛው እንወጣዋለን።)

የሚያሳስበን ብርዱ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የሌሊቱ ቅዝቃዜ በአንድ ጋቢ የሚመለስ ነው። ደባርቅ ግን 2850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አልፎ አልፎም ሥራው በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር፣ ማለትም ከ3200 ሜትር በላይ ይወስደናል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ቅጥቅጡ ደግሞ ከውጭ ላሜራ፣ ከውስጥ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ዙሪያውን ደግሞ መስታወት ነው፤ በአሁኑ ይዞታው ከድንኳን ብዙም አይሻልም።

እስካሁን ያሰብነው ግድግዳውን በፎም ለብጠን፣ ማታ ማታ ከሰል በደንብ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገብተን ቤቱን ካሞቅን በኋላ መተኛት ነው። በውጭ አገር ሰዎች በባሰ ብርድ በመኪና ቤት ሲኖሩ በቪዲዮ አይተናል፤ ነገር ግን የሚጠቀሙበት ዕቃ እኛ ዘንድ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፣ አየሩም የተለያየ ነው። በደጋ ረጅም ጊዜ ያደረ፣ የመኪና ቦዲ የሠራ ወይም በሌላ አገር እንዲህ የኖረ ሰው ካለ፣ ማሞቂያውን፣ ልባጡንና የክረምቱን ነገር በተመለከተ የሚያውቀውን ቢያካፍለን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።


ዳገት ወጪ (ደባርቅ)

በስሜን ተራሮች ለሚጓዙ እንግዶች ምግብ በማብሰል ስለምተዳደር፣ ከእርስዎ ላሜራ በሳሳ ነገር ውስጥ ማደር ልማዴ ነው። ከማሞቂያው በፊት ስለ ብርዱ ጠባይ ጥቂት ልበል።

በእኛ ደጋ እጅግ የሚቀዘቅዘው ሌሊት የሚመጣው ጸሐዩ እጅግ ሲያቃጥል ከዋለ በኋላ ነው። በበጋ ደመና ስለማይኖርና አየሩም ስስና ደረቅ ስለ ሆነ፣ ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ያለ ከልካይ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ስለዚህ ቅዝቃዜው የሚጠናው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ሊነጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ግን ካፖርት ማውለቅ ይጀመራል። እርስዎ የሚጋፈጡት ወራት ሙሉ የማይለቅ ብርድ ሳይሆን በየዕለቱ የሚደጋገም የአንድ ሌሊት ብርድ ነው፤ የቀኑ ጸሐይ ደግሞ ምንጊዜም ከእርስዎ ጋር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ማቆሚያ ቦታ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ማታ እየወረደ ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል፤ ውርጩም ቀድሞ የሚወርደው እዚያው ነው። ለጥ ያለውና የሚያምረው ሜዳ ለማቆም ይመቻል፤ ለማደር ግን ከእሱ ይልቅ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚከልል ዛፍ ወይም የድንጋይ ካብ ያለበት፣ ወደ ምሥራቅ የተከፈተ ተዳፋት ይሻላል። ጠዋት ጸሐይ ቀድማ የምታገኘው መኪና ከጎረቤቱ ቀድሞ ይሞቃል፣ እርጥበቱም ቀድሞ ይደርቃል። ይህን ስል መንገድ ዳር ይደሩ ማለቴ አይደለም፤ ዘበኛ ባለው ግቢ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ ማቆም ነው የሚያዋጣው። ወደ ሳንቃበር ሲወጡም ፓርኩ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ክልል ስለ ሆነ ማደሪያውን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ እንጨት መቁረጥ ደግሞ የተከለከለ ነው።

በእኔ አስተያየት ግን የሚያስቸግራችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ ሳይሆን ሐምሌና ነሐሴ ነው። በበጋ ይበርዳል፣ ግን ይደርቃል። በክረምት ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ የረጠበ ካልሲ ለሦስት ቀን ተሰቅሎ ሳይደርቅ ሊቀር ይችላል። ያኔ በጠባብ ቤት ውስጥ ልብስ፣ ጫማ፣ ፍራሽና እህል ሁሉ ሻጋታ ያወጣል። ከሥራው ጋር የሚስማማ ከሆነ ክረምቱን ዝቅ ብላችሁ ጎንደር አካባቢ ብታሳልፉት ደግ ነው።

ስለ ማብሰልም አንድ ነገር ልጨምር። በደባርቅ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለ ሆነ ባቄላና ሽሮ ክክ ቶሎ አይበስልም፤ ድስቱም ለረጅም ጊዜ እንፋሎት ሲለቅ ይቆያል። የግፊት ድስት ይግዙ፤ ጋዙንም ይቆጥባል፣ ቤቱንም ከእንፋሎት ያድናል።


ጋራዥ ሰፈር (አዘዞ)

የቦዲ ሠራተኛ ነኝ፤ ብዙ ቅጥቅጥ ገጣጥሜያለሁ፣ አፍርሼያለሁም። በመጀመሪያ ሰዎች ማሞቂያ ከመግዛታቸው በፊት ሊያሰሉት የሚገባውን ስሌት ላስቀምጥ።

ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 2፣ ከፍታው 2 ሜትር የሆነ ቦዲ ብንወስድ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ተደምረው 56 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ውጭው ዜሮ ዲግሪ ሆኖ ሳለ ውስጡን በ15 ዲግሪ ማቆየት ብንፈልግ፣ ባዶ ላሜራ ከሆነ ሳያቋርጥ የሚሠራ 5 ኪሎ ዋት ገደማ የሙቀት ኃይል ይፈጃል፤ ይህ ከአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ የሚበልጥ ነው፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። ይኸው ቦዲ በ4 ሴንቲ ሜትር የፖሊስታይሪን ፎም በደንብ ከተለበጠ ግን በግድግዳው የሚወጣው ሙቀት ወደ 650 ዋት ይወርዳል። መስኮትና አየር ማስገቢያ ሲጨመርበት ከፍ ይላል፤ ሆኖም ልዩነቱ ግልጽ ነው። ተኝቶ ያለ ሰው ራሱ ወደ 80 ዋት ስለሚሰጥ፣ ባልና ሚስት ብቻ ከሚፈለገው አንድ አራተኛ ያህሉን ሊሸፍኑ ይችላሉ። ስለዚህ ገንዘባችሁን በመጀመሪያ ልባጡ ላይ አውሉት።

ልባጡ ግን እንዴት እንደሚሠራ ልዩነት አለው። የተለመደው አሠራር ፎሙን በቱቦላሬዎቹ (የቦዲው አጽም በሆኑት የብረት ቱቦዎች) መካከል ሞልቶ ኮምፔንሳቶውን በቀጥታ በቱቦላሬው ላይ መምታት ነው። ብረት ብርድን ያለ ምንም ከልካይ ስለሚያሻግር፣ እንዲህ በተሠራ መኪና ውስጥ ካደሩ ጠዋት ቀና ብለው ኮርኒሱን ቢያዩ የእያንዳንዱ ቱቦላሬ መስመር በእርጥበት ተሥሎ፣ በየብሎኑ ራስ ላይም አንዳንድ ጠብታ ተንጠልጥሎ ያገኙታል። ከኮምፔንሳቶው በስተኋላ ያለውን ደግሞ አያዩትም፤ እሱ ነው ላሜራውን ከውስጥ የሚበላው። መፍትሔው በመካከል ከሚሞላው ፎም ሌላ አንድ ስስ ፎም በቱቦላሬዎቹ ላይ ሳይቆራረጥ ማልበስና ኮምፔንሳቶውን ከዚያ በላይ በቀጭን ጣውላ መያዝ ነው። ከውስጥ በኩል ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ጥበት ይመጣል፤ ተቀበሉት።

ፎሙ ከላሜራው ጋር ክፍተት ሳይኖረው መጣበቅ አለበት፤ ክፍተት ካለ የቤቱ እርጥብ አየር ከኋላ ገብቶ ይጤዛል። ከዚያ በፊት ዝገቱ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት፣ የጣሪያው መጋጠሚያም በሲልከን መደፈን ይኖርበታል። የመስታወት ሱፍ የሚመርጡ አሉ፤ እኔ ለሚንቀሳቀስ ቤት አልመክረውም፣ ውኃ ከያዘ በኋላ በመንገድ መንቀጥቀጥ ወደ ታች ይወርዳልና። ፎም እሳት በቀላሉ የሚይዝና ጭሱም መርዛማ ስለ ሆነ የትም ቦታ ራቁቱን አይተው፤ ማብሰያው ባለበት ጎን ደግሞ ከኮምፔንሳቶው በላይ ላሜራ ይልበስ።

መስታወቱ ዋናው ጠላት ነው። ከጎን ሁለት፣ ከኋላ አንድ የሚከፈት መስኮት ትታችሁ የቀረውን አስደፍኑ። የቀሩትን ማታ ማታ በልካቸው በተቆረጠ ፎም መክደን ይቻላል፤ ወጪው ኢምንት ነው፣ ጥቅሙ ግን ከማሞቂያ አያንስም። ከሾፌሩ ጀርባ ወፍራም መጋረጃ ይሰቀል፤ ባና ወይም ዝተት ከየትኛውም የገበያ መጋረጃ ይበልጣል። የሾፌሩን ክፍል ሌሊት ለማሞቅ መሞከር ገንዘብ መበተን ነው።

ሌላው ጉዳይ ሊብሬው ነው። ሊብሬው ላይ የሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ የተመዘገበ መኪና ወንበሩ ተነቅሎ አልጋ ተተክሎበት ለዓመታዊ ምርመራ ቢቀርብ ቦሎ ለማግኘት ማስቸገሩ አይቀርም። አንድ ብሎን ከመፈታቱ በፊት ለውጡን ለትራንስፖርት ቢሮ በጽሑፍ አመልክታችሁ አስፈቅዱ።


የጤና ባለሙያ (ማራኪ)

ቀደም ሲል የተሰጡት ምክሮች ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን በጥያቄው ውስጥ ያለው ከባዱ ነገር እስካሁን አልተነካም። ከሰሉን በፍጹም ወደ ውስጥ አታስገቡ። «ጭሱ ካለቀ በኋላ» የሚለው አባባል ብዙ ቤት ያጠፋ አባባል ነው። የሚገድለው ጭሱ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ በብዛት የሚወጣውም ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ቀልቶ ፍም ሆኖ በጸጥታ በሚነድበት ጊዜ ነው። ላዩ አመድ ለብሶ የጠፋ የሚመስል ፍም እንኳ ለሰዓታት ይህን ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ ቤቱን አሙቆ ከመተኛት በፊት ማውጣትም አስተማማኝ አይደለም፤ የተጠራቀመው ጋዝ አብሮ አይወጣም፣ ብርዱን ፈርቶ በሩን በደንብ የሚከፍት ሰውም አይገኝም።

ጋዙ በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ሰውነት ቀድሞውኑ በቂ ኦክሲጅን ለማግኘት እየታገለ ሳለ ይህ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይፈጥናል። ከሰሉም ቢሆን በሳሳ አየር ውስጥ በቅጡ ስለማይነድ የሚለቀው መርዝ ይጨምራል። ጎንደር ውስጥ በሰፊ ክፍል፣ በሩ ሥር ነፋስ በሚገባበት ቤት ያለ ችግር የኖረ ልማድ፣ ጋራዥ ሰፈር በሚሉት መልኩ ተደፍኖ በተለበጠ መኪና ውስጥ ሞት ሊሆን ይችላል። ቤታችሁ ለብርድ በተዘጋ ቁጥር ለዚህ ጋዝ የተመቸ እየሆነ እንደሚሄድ አስቡት።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና መጫጫን ነው። የደጋ ሰው ራሱን ሲያመው «ከፍታው ነው» ወይም «ብርድ መታኝ» ብሎ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁና ውጭ ስትወጡ ከቀለላችሁ ጥርጣሬ አያስፈልግም። ተጎጂውን ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ኦክሲጅን ወደሚሰጥበት የጤና ተቋም ማድረስ ነው መድኃኒቱ፤ ወተት በማጠጣት ጊዜ አታባክኑ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ አስመጡ፤ በአልጋው አቅራቢያ፣ በተኛ ሰው ጭንቅላት ከፍታ ይሰቀል። ደወሉ መኖሩ ግን ከሰል ለማስገባት ፈቃድ አይሆንም። ለማብሰያ የሚበራው ቡታ ጋዝም ቢሆን መስኮት ተከፍቶ ለማብሰል ብቻ እንጂ ለማሞቂያ አይሁን።


ወገራ መንገድ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። የከሰሉን ሐሳብ ትተነዋል፤ ባለቤቴ ጽሑፉን ለአማቴም አንብባላቸዋለች። ታዲያ ከሰልም ቡታ ጋዝም ካልሆነ በምን እንሙቅ? አንድ ጓደኛችን የጭስ ማውጫ ቱቦ ያለው ትንሽ የእንጨት ምድጃ ከወፍራም ላሜራ አስበይዱ ይለናል። ሌላው ደግሞ ሶላር ገዝተን በባትሪ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንድናሠራ ይመክራል። የትኛው ያዋጣል?


ጎንደሬው ከካልጋሪ

ወንድሜ፣ እኔ ካናዳ ውስጥ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ በካምፕ መኪና ውስጥ የበረዶውን ወራት አሳልፌያለሁ። እዚህ የሚደረገውን ሁሉ እንዳለ ገልብጠህ እንዳትወስድ ልዩነቱን አስቀድሜ ልንገርህ።

እዚህ ሰው የሚታገለው ከማያባራ ብርድ ጋር ነው። የቧንቧው ውኃ እንዳይረጋ ውጭ ያለው ቱቦ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ ይጠመጠምበታል፤ ከመኪናው ሥር ነፋስ እንዳይገባ ዙሪያው እስከ መሬት ድረስ ይከለላል፤ 9 ኪሎ የሚይዝ የፕሮፔን ሲሊንደር ብርዱ ሲጠና ሁለት ቀን እንኳ ላያዘልቅ ይችላል። በታኅሣሥ ወር ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ በቀትር እንኳ ጸሐይዋ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል ሶላር ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በእናንተ ዘንድ ግን በዚያው ወር ቀኑ ከ11 ሰዓት በላይ ነው፣ የቀትሯ ጸሐይም 54 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትሆናለች። የውኃ ታንኩን ከወለሉ በላይ በቤቱ ውስጥ ካስቀመጥከው አይረጋም፤ ውጭ የተንጠለጠለ ቀጭን ጎማ ካለ ግን ማታ ማታ ውኃውን አፍስሰው። ከሥር መከለሉም ለእናንተ አያስፈልግም፤ የወለሉ ፎም ይበቃል።

ከዚህ ወደዚያ ሊሻገር የሚገባው ትልቁ ነገር የእርጥበት ጉዳይ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት በትንፋሻቸውና በቆዳቸው ብቻ ከግማሽ ሊትር በላይ ውኃ ወደ አየር ይለቃሉ። ያ ውኃ የሆነ ቦታ መድረስ አለበት፤ መውጫ ካላገኘ መስታወቱ፣ ብሎኑና የፍራሹ ሥር ላይ ያርፋል። ስለዚህ ብርድ ቢሆንም ጣሪያው ላይ ትንሽ አየር ማውጫ፣ ከታች በኩል ደግሞ ትንሽ ማስገቢያ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይሁኑ። አዲስ ገቢዎች ሁሉ ይህን ስነግራቸው እንደ እብድ ያዩኛል፤ ነገር ግን ደረቅ ሆኖ 10 ዲግሪ ያለው ቤት ረጥቦ 16 ዲግሪ ካለው ቤት ለመተኛት ይሻላል። ፍራሹን በቀጥታ ጣውላ ላይ አታስቀምጠው፤ በርብራብ ላይ አድርገው፣ ከሥሩ አየር ይለፍ። አጎዛ ካላችሁ ከበታች አንጥፉት፤ ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ሙቀት ይይዛል፣ ስፖንጅ ግን እንዲህ አያደርግም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያን እርሳው። ጋራዥ ሰፈር ያሰሉትን 650 ዋት ለ10 ሰዓት ብታሠራው 6.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 200 አምፒር ሰዓት ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ በሙሉ ቢራገፍ እንኳ የሚሰጠው 2.4 ብቻ ነው። ቤቱን ትተህ አልጋውን ብታሞቅ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ በ12 ቮልት የሚሠራ የሚሞቅ ብርድ ልብስ 50 ዋት ገደማ ስለሚወስድ ለ10 ሰዓት ቢሠራ 0.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚፈጀው። ያንን በበጋ ጸሐይ አንድ መካከለኛ ሶላር ሳይቸገር ይመልሰዋል። ባትሪው ሊቲየም ከሆነ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ ቻርጅ ቢደረግ ስለሚበላሽ ከቤቱ ውስጥ አስቀምጠው፤ ከሞተሩ ባትሪ ጋርም አታገናኘው፣ ጠዋት መኪናው አልነሣ እንዳይልህ።

የቤቱን አየር ማሞቅ የግድ ካስፈለገ ናፍጣ የሚያነድ ማሞቂያ ከሁሉ ይሻላል። ለቃጠሎው የሚያስፈልገውን አየር ከውጭ ስቦ ጭሱንም ወደ ውጭ ስለሚያስወጣ፣ በትክክል ከተገጠመ የቤቱን አየር አይነካም፤ ሙቀቱም ደረቅ ነው። 2 ኪሎ ዋት የሚሰጠው ዓይነት ዝቅ ተደርጎ ሲሠራ በሌሊት ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ናፍጣ ይበቃዋል፤ ከመኪናው ሳልባትዮም ሊቀዳ ይችላል። ጉድለቱ ከፍታ ነው፦ ብዙዎቹ ከ1500 ሜትር በላይ ያለ ማስተካከያ ሲሠሩ ናፍጣው ለአየሩ ስለሚበዛባቸው ጥላሸት ይሞላሉ። ስትገዛ የነዳጁ መጠን ለከፍታ የሚስተካከል መሆኑን አረጋግጥ።


ጋራዥ ሰፈር (አዘዞ)

በእንጨት ምድጃው ላይ የእኔን ሐሳብ ልስጥ። መበየዱ ቀላል ነው፣ ለኔም ሥራ ነው፤ ሆኖም ለዚህ መኪና አልበይድም። ምድጃው ትንሽ ስለሚሆን በየሰዓቱ እንጨት ካልተጨመረበት ይጠፋል፤ ሊነጋ ሲል፣ ብርዱ በሚጠናበት ሰዓት፣ በውስጡ የሚቀረው ፍም ብቻ ነው። ያን ጊዜ ቱቦው ስለሚቀዘቅዝ ወደ ላይ የመሳብ ኃይሉ ይደክምና የጤና ባለሙያዋ የነገሩን ጋዝ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ከዚህም በላይ ቱቦው ጣሪያውን በሚያልፍበት ቦታ ከፎሙ በቂ ርቀት ለመስጠት የቅጥቅጥ ጣሪያ ስፋት አይበቃም።

በአጎዛው ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስለ ናፍጣ ማሞቂያው ደግሞ፣ ጭሱ የሚወጣበት ቱቦ ከመኪናው ሥር ብቻ ተለቅቆ እንዳይቀር፤ ከጎን ጠርዝ አልፎ እንዲወጣ፣ የቤቱ አየር ማስገቢያም በተቃራኒው ጎን እንዲሆን እናደርጋለን። ከሥር ከተለቀቀ በወለሉ ቀዳዳ ተመልሶ ይገባል።


ዳገት ወጪ (ደባርቅ)

ብዙ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ልምከር፦ ልባጡና መስኮቱ ብቻ እንዳለቀ ማሞቂያ ሳትገዙ አምባ ጊዮርጊስ ላይ በታኅሣሥ ጥቂት ሌሊት እደሩበት። በባናና በአጎዛ፣ በሚሞቀው ብርድ ልብስ ታግዛችሁ ካለ ችግር ካደራችሁ፣ ናፍጣ ማሞቂያው የሚያስፈልጋችሁ ለሳንቃበርና ለክረምቱ እርጥበት ብቻ ይሆናል። ባዶ ሆድ በብርድ ስለማይሞቅ ማታ ትኩስ ነገር ሳትቀምሱ አትተኙ፤ የፈላ ውኃ በጎማ ከረጢት ሞልቶ እግር ሥር ማድረግም እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያደርሳል።


ወገራ መንገድ

በሚገባ ተረድተናል። በቅደም ተከተል የፈቃዱን ማመልከቻ እናስገባለን፤ ቀጥሎ ዝገቱን፣ ልባጡንና መስኮቱን እናሠራለን፤ ማሞቂያውን ከታኅሣሡ ሙከራ በኋላ እንወስናለን። የማስጠንቀቂያ ደወሉን ካናዳ ያሉት ወንድማችን ቢረዱን ዋጋውን እንልካለን። ጋራዥ ሰፈር፣ መኪናውን መቼ ብናመጣልዎ ይመቻል? ወንበሮቹንስ እኛ እናስነቅል ወይስ እርስዎ ዘንድ ይነቀሉ?


ጎንደሬው ከካልጋሪ

ደወሉን ገዝቼ ወደ ጎንደር በሚመጣ ሰው እልካለሁ፤ ዋጋው አያሳስባችሁ። ሁለት ይሆናል፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲኖር። በደወሉ ጀርባ የአገልግሎት ዘመኑ ማብቂያ ተጽፏል፤ ያ ቀን ካለፈ ባትሪ ብትቀይሩለትም አትመኑት።


ጋራዥ ሰፈር (አዘዞ)

ወንበሮቹን እዚሁ እኛ እንነቅላቸዋለን፤ የወለሉ ብሎኖች ዝገው ስለሚሆኑ ቤት ውስጥ ሲታገሏቸው ወለሉን ይቀዱታል። ከጥቅምት አጋማሽ በፊት ብታመጡት ቀለሙ በጸሐይ ይደርቃል። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ከገና በኋላ ጋራዡ በጥገና ይጨናነቃል፤ ያኔ እንዲህ ያለ ረጅም ሥራ አልቀበልም። ስትመጡ ሊብሬውንና የፈቃዱን ደብዳቤ ያዙ፣ ፎሙን ግን አትግዙ፤ ውፍረቱን ለክቼ ከነገርኳችሁ በኋላ አብረን እንገዛዋለን።